ሊፒድ ሞኖመር የለውም፤ ውሃውስ የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ዓመት የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ‹የአራቱን ማክሮሞለኪውሎች ሞኖመር ጻፉ› የሚል ጥያቄ መጥቶ ለካርቦሃይድሬት ሞኖሳካራይድ፣ ለፕሮቲን አሚኖ አሲድ፣ ለኒውክሊክ አሲድ ኒውክሊዮታይድ፣ ለሊፒድ ደግሞ ፋቲ አሲድ ብዬ መለስኩ። የመጨረሻው ስህተት ነው ተባልኩ። ለምን? በዚያው ልጠይቅና፣ ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ ብቻ ከተሠሩ አንዱ ሆዳችን ውስጥ ተፈጭቶ ሌላው እንዳለ የሚወጣው በምን ምክንያት ነው? ሞኖመሮች ሲያያዙ ውሃ ይወጣል የሚባለውም አልገባኝም፤ ሕዋስ ራሱ በውሃ የተሞላ አይደለም እንዴ?»

ምላሽ፦

መልስሽ ስህተት መባሉ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ከመልስሽ የባሰ ነው። ሊፒድ ሞኖመር የለውም። «የአራቱን ሞኖመር ጻፉ» ያለሽ ሰው አራተኛው ላይ የሌለ ነገር እንድታመጪለት ነው ያዘዘሽ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ እየተቀዳ ሲዞር ስለማየው አይገርመኝም።

ለምን እንደሌለው የሚገባሽ ሞኖመርን «ትልቁ የሚሠራበት ትንሽ ሞለኪውል» ከማለት አንድ እርምጃ ስታልፊ ነው። አንድ ሞለኪውል ሞኖመር እንዲሆን ቢያንስ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ከፊቱ ያለውን ይዞ በሌላው ከኋላው የሚመጣውን የሚቀበል። ከተያያዘ በኋላም ነጻ እጅ የሚተርፍ ከሆነ ሰንሰለቱ ይቀጥላል፣ ካልተረፈ እዚያው ያበቃል። ይህችን መመዘኛ ያዢልኝና ከግሉኮስ እንነሳ፤ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ ያለው እዚያ ነው።

ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 180 ነው። ውሃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀለበት ሠርቶ ይገኛል። ቀለበቱ ላይ 5 ካርቦንና 1 ኦክስጅን ይሰለፋሉ፣ 6ኛው ካርቦን ከቀለበቱ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን ካርቦን 1 ላይ ያለውን ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ ተመልከቺ። በተለመደው የመጽሐፍ ሥዕል ወደ ታች ከሆነ አልፋ፣ ወደ ላይ ከሆነ ቤታ ይባላል። ነጻ ግሉኮስ ቀለበቱን እየከፈተና መልሶ እየዘጋ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ሲረጋጋ 36 በመቶ ያህሉ አልፋ፣ 64 በመቶ ያህሉ ቤታ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ገና ያልተያያዘን ግሉኮስ አልፋ ነው ወይስ ቤታ ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም። ካርቦን 1 ከሌላ ግሉኮስ ካርቦን 4 ጋር በኦክስጅን በኩል ከተሳሰረ በኋላ ግን ያ ቀለበት ከእንግዲህ አይከፈትም። በማሰሪያው ጊዜ የነበረው አቅጣጫ ተቆልፎ ይቀራል።

ሁለት ግሉኮስ በአልፋ ሲያያዙ ማልቶስ፣ በቤታ ሲያያዙ ሴሎባዮስ ይባላሉ። የሁለቱም ቀመር 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ነው። ክብደታቸውም እኩል 342 ነው፤ 180 እና 180 ተደምሮ የአንድ ውሃ 18 ሲቀነስለት። አተም በመቁጠርም ሆነ በመመዘን አትለያቸውም። ልዩነቱ የሚወጣው ሰንሰለቱ ሲረዝም ነው። በአልፋ የተያያዘው በየመጋጠሚያው ወደ አንድ ወገን ጥቂት እየታጠፈ ስለሚሄድ ይጠመዘዛል፤ አሚሎስ የሚባለው የስታርች ክፍል በየ6 ግሉኮሱ አንድ ዙር ይዞራል። ስታርች ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብ የምታዪው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አዮዲኑ በጥምዙ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስለሚደረደር የሚመጣ ነው። በቤታ የተያያዘው ላይ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር 180 ዲግሪ ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሲተኙ በመካከላቸው ስፍር ቁጥር የሌለው የሃይድሮጅን ቦንድ ይፈጠራል፤ ውሃም ኢንዛይምም በቀላሉ የማይሰርግበት ጠንካራ ክር ይሆናል። ሴሉሎስ ይህ ነው፤ አዮዲኑም እንደ ስታርቹ ሰማያዊ አያደርገውም፣ የሚገባበት ጥምዝ የለውምና።

እንግዲህ የምራቃችንና የቆሽታችን አሚሌዝ፣ ስታርች ቆራጩ ኢንዛይም፣ የተቀረጸው የአልፋውን መጋጠሚያ አቅፎ እንዲቆርጥ ነው። የሴሉሎሱ መጋጠሚያ በኢንዛይሙ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ ሆኖ አይቀመጥም፣ ስለዚህ አይነካውም። ላምና በግ ሣር በልተው የሚኖሩት ጨጓራቸው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሉሎስን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስለሚያመርቱላቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ተማሪዎች ይህን ከሰሙ በኋላ «ሰው የቤታ ቦንድ መቁረጥ አይችልም» ብለው ይሸመድዳሉ። የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስም እኮ በቤታ የተያያዘ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሕፃን ሁሉ ደግሞ ላክቴዝ በሚባለው ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ጉዳዩ ለዚያ ለተወሰነ መጋጠሚያ የተሠራ ኢንዛይም መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ስኳር ሌላም ባሕርይ አለው፤ ከሁለት በላይ እጅ ስላለው ቅርንጫፍ ያወጣል። ካርቦን 6 ላይ ሌላ ግሉኮስ ሲያያዝ ከዋናው ሰንሰለት ጎን ሌላ ሰንሰለት ይበቅላል። አሚሎፔክቲን የሚባለው የስታርች ክፍል ከ24 እስከ 30 በሚሆን ግሉኮስ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ጉበትና ጡንቻ የሚያከማቹት ግላይኮጅን ደግሞ ከ8 እስከ 12 በሚሆን ግሉኮስ። ግሉኮስ ተቆርጦ የሚወጣው ከጫፍ ስለሆነ ጫፍ የበዛለት ቶሎ ይለቃል። በድንገት ለሚሮጥ እንስሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሮቲን ላይ ታሪኩ ይለወጣል። አሚኖ አሲድ መሃል ላይ አንድ ካርቦን አለው፤ ከዚያ ካርቦን ጋር የአሚኖ ቡድን፣ የካርቦክሲል ቡድን፣ አንድ ሃይድሮጅንና የጎን ቡድን ይያያዛሉ። አሚኖውና ካርቦክሲሉ ሁለቱ እጆች ናቸው። ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማንኛውም አሚኖ አሲድ ከማንኛውም ጋር ይያያዛል፤ ልዩነቱ በጎን ቡድኑ ብቻ ነው። ግላይሲን ላይ የጎን ቡድኑ አንዲት ሃይድሮጅን ናት፣ ትሪፕቶፋን ላይ ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች ናቸው። አንዳንዱ ውሃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ውሃ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ቻርጅ ይሸከማል። ሰንሰለቱ ሲጠቀለል ውሃ የሚሸሹት ወደ ውስጥ ይሰባሰባሉ፤ የፕሮቲኑ ቅርጽ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነው።

ሁለቱ እጆች የተለያዩ በመሆናቸው ሰንሰለቱ መነሻና መድረሻ አለው። ግላይሲን ቀድሞ አላኒን ቢከተል የሚገኘው ሞለኪውል፣ አላኒን ቀድሞ ግላይሲን ከሚከተልበት የተለየ ነው። በ20ዎቹ መደበኛ አሚኖ አሲዶች ሦስት ቦታ ብቻ ብትሞዪ 8,000 የተለያየ ሰንሰለት ይወጣል፤ 100 ቦታ ብትሞዪ ቁጥሩ 1 ተጽፎ 130 ዜሮዎች የሚከተሉት ያህል ይሆናል። ፕሮቲን እንዲህ የተወሰነ ቅደም ተከተል ያለው መሆኑ ዛሬ ግልጽ ይመስለናል እንጂ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አከራካሪ ነበር። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር ኢንሱሊን ላይ ዓመታት ሠርቶ 51ዱንም አሚኖ አሲዶች፣ 21 በአንዱ ሰንሰለት 30 በሌላው፣ በየተራቸው አስቀመጣቸው፤ በ1958 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው።

ጤና ሳይንስ ላይ ስላለሽ ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ማወቅሽ አይቀርም። የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ አለው። 6ኛው ቦታ ላይ መኖር የሚገባው ግሉታሜት ነው፤ አሉታዊ ቻርጅ ያለውና ውሃ ወዳድ። በበሽታው ግን እዚያ ቦታ ላይ ውሃ የሚሸሸው ቫሊን ይቀመጣል። ቨርነን ኢንግራም ይህን በ1957 አሳየ። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ያ ቫሊን ከውሃ ለመሸሽ ጎረቤት ሄሞግሎቢን ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ያኛውም ከሌላው ጋር እንዲሁ፤ እየተያያዙ ረጅም ዘንግ ይሠሩና ቀዩን የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ያጣምሙታል። ሌሎቹ 145ቱ በቦታቸው ናቸው።

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የወደድኩት ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀመሩን ተቀብሎ ያልፋል። «አንድ ሃይድሮክሲልና አንድ ሃይድሮጅን ተገናኝተው ውሃ ሆነው ይወጣሉ» የሚለው ሒሳቡን በትክክል ያሳያል፤ ከላይ 342 ያገኘነው በዚያ ነው። ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን ግን አያሳይም። ስጋትሽም ተገቢ ነው፤ በውሃ በተሞላ ቦታ ሚዛኑ የሚያደላው ወደ መፍረስ እንጂ ወደ መያያዝ አይደለም። ሁለት አሚኖ አሲዶችን ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ብትጠብቂ ይህ ነው የሚባል ሰንሰለት አታገኚም።

ሕዋስ ይህን የሚያልፈው ሞኖመሩን አስቀድሞ ጉልበት በማሸከም ነው። ለመያያዝ የሚመጣው ባዶ አሚኖ አሲድ ሳይሆን የሕዋስ የጉልበት ምንዛሪ በሆነው በኤቲፒ ወጪ፣ ትራንስፈር አርኤንኤ በሚባል ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ የተጫነ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲን በሚገጣጠምበት ራይቦሶም ላይ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው የፔፕታይድ ቦንድ ሲሠራ የሚለቀቀው ትራንስፈር አርኤንኤው ነው፤ ውሃ አይወጣም። ለአንድ አሚኖ አሲድ በድምሩ አራት ያህል ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው የፎስፌት ቦንዶች ይከፈላሉ፤ ሁለቱ ሲጫን፣ ሁለቱ ራይቦሶሙ ላይ። ግላይኮጅን ሲሠራም እንዲሁ ነው፤ ግሉኮሱ የሚመጣው ዩዲፒ ከተባለ ተሸካሚ ጋር ተጣብቆ ሲሆን ሲያያዝ ዩዲፒው ይለቀቃል። ይህን የደረሰበት አርጀንቲናዊው ሉዊስ ለሎይር በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ታዲያ በሒሳቡ ላይ ያለው ውሃ የት ገባ? የተሰባበረው የኤቲፒ ፎስፌት ላይ ነው። ኤቲፒ ለመሰባበር አንድ ውሃ ይፈልጋል፣ ሁለቱ አሚኖ አሲዶች ለመያያዝ አንድ ውሃ መጣል አለባቸው፤ ሁለቱ ሂደቶች ሲጣመሩ አንዱ የጣለውን ሌላው ይወስደዋል፣ ነጻ ውሃ መሃል ላይ መታየት አያስፈልገውም።

በመፍረሱ በኩል ግን ውሃው እውነተኛ ነው። አንጀትሽ ውስጥ ስታርች ሲቆረጥ በእያንዳንዱ ቦንድ አንድ የውሃ ሞለኪውል በእርግጥ ይገባል። ሚዛኑ ወደ መፍረስ የሚያደላ ከሆነ ሰውነታችን ለምን አይሟሟም ብትዪ፣ ፍጥነት ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የፔፕታይድ ቦንድ ያለ ኢንዛይም በተራ ውሃ ውስጥ እስኪሰበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ኒውክሊክ አሲድን አላንዛዛውም። ኒውክሊዮታይድ ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ አለው፤ ሰንሰለቱን የሚያያይዙት ስኳሩና ፎስፌቱ ናቸው፣ ቤዙ ወደ ጎን ይወጣል። አዲስ ኒውክሊዮታይድ ሲመጣ ሦስት ፎስፌት ይዞ ነው፤ ሁለቱን ጥሎ በአንዱ ይያያዛል፣ እዚህም ውሃ አይወጣም። ያ የጉልበት ምንዛሪ የምንለው ኤቲፒ ራሱ አዴኒን፣ ራይቦስና ሦስት ፎስፌት ያለው የአርኤንኤ መገንቢያ መሆኑን ልብ በይ። በአርኤንኤና በዲኤንኤ ስኳር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኦክስጅን ነው፤ ራይቦስ ካርቦን 2 ላይ ሃይድሮክሲል አለው፣ ዲኦክሲራይቦስ የለውም። ያ ሃይድሮክሲል አጠገቡ ያለውን ፎስፌት አጥቅቶ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ስለሚችል አርኤንኤ ቶሎ ይበጣጠሳል፣ ዲኤንኤ ይሰነብታል። ቅደም ተከተል እዚህም ወሳኝ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊበስ ሌቪን አራቱ ቤዞች በእኩል መጠን እየተደጋገሙ የሚመጡ መስሎት ስለነበር ዲኤንኤ የዘር መረጃ ለመያዝ የማይበቃ አሰልቺ ሞለኪውል ተደርጎ ቆየ።

አሁን ሊፒድን በዚያች መመዘኛ እንያት። ግሊሴሮል ሦስት ሃይድሮክሲል አለው፣ ማለትም ሦስት እጅ። ፋቲ አሲድ ያለው አንድ ካርቦክሲል ብቻ ነው፤ አንድ እጅ። ሦስት ፋቲ አሲዶች መጥተው ሦስቱን የግሊሴሮል እጆች ሲይዙ ሁሉም እጅ ተያዘ፣ የሚቀጥል ነገር የለም። ባለ 16 ካርቦኑን ፓልሚቲክ አሲድ ሦስት ጊዜ ብትወስጂ 51 ካርቦን፣ 98 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ያለው ስብ ይወጣል፤ ክብደቱ 807 ገደማ ነው። ይህን በሺዎች የሚቆጠር ግሉኮስ ከሚይዝ የስታርች ሞለኪውል ጎን አስቀምጪው። ማክሮ ለመባልም እኮ አይበቃም።

ፋቲ አሲድ ያልሽው የስብ መገንቢያ ነው፣ በዚህ ልክ ነሽ። የሊፒድ ሁሉ መገንቢያ ግን አይደለም። ኮሌስትሮል ሊፒድ ነው፤ 27 ካርቦን፣ አራት የተጣበቁ ቀለበቶች፣ ውስጡ ፋቲ አሲድም ግሊሴሮልም የለም። ስብንና ኮሌስትሮልን በአንድ ስም ያስጠራቸው ውሃ ውስጥ አለመሟሟታቸው እንጂ የአሠራራቸው መመሳሰል አይደለም። «የግድ የጋራ መነሻ አምጪ» ብትባዪ ባለ ሁለት ካርቦኑን የአሴቲል ቡድን ጥሪ፤ ሕዋስ ፋቲ አሲድን በየሁለት ካርቦኑ ያስረዝማል፣ የተለመዱት ፋቲ አሲዶች 16 ወይም 18 እያሉ ጥንድ ቁጥር የሚሆኑትም ለዚህ ነው። የኮሌስትሮልም ካርቦኖች የሚመጡት ከዚያው ነው። ሆኖም ይህ የአመራረት ታሪክ ነው፤ የተሠራውን ፋቲ አሲድ በውሃ ብትቆርጪው አሴቲል ተመልሶ አይወጣልሽም።

የሚገርመኝ ነገር አለ። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እንደ ጎማና ሴሉሎስ ያሉት ነገሮች በጠንካራ ኬሚካላዊ ቦንድ የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል ብዙ የዘመኑ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም። ለእነርሱ እነዚህ ነገሮች በደካማ ኃይል የተከማቹ የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት ነበሩ። ሽታውዲንገር ትክክል ሆኖ በ1953 ኖቤል ተሸለመ። ተቃዋሚዎቹ ያሰቡት ዓይነት ነገር ግን በተፈጥሮ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ የሕዋስ ሽፋን ነው። ሽፋኑን የሚሠሩት ፎስፎሊፒድ የሚባሉ ሊፒዶች እርስ በርስ በኮቫለንት፣ ማለትም በጠንካራ ኬሚካላዊ ቦንድ፣ አልተያያዙም። ውሃ የሚሸሸውን ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ውሃ ወዳዱን ጭንቅላታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ድርድር ይቆማሉ፤ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው። አንዱ ፎስፎሊፒድ ከጎኑ ካለው ጋር ቦታ ሊለዋወጥ፣ ሽፋኑም ተቀዶ መልሶ ሊገጥም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሊፒድ በኮቫለንት የሚቀጥል ፖሊመር፣ ማለትም የሞኖመሮች ሰንሰለት፣ ቢሆን ኖሮ ሕዋስ እንዲህ እንደ ልቡ ተከፍሎ ሁለት መሆን ይቸግረው ነበር።

ስለ ውጤትሽ፦ ፈተና ላይ «የስብ መገንቢያዎች» ከተባልሽ ግሊሴሮልና ፋቲ አሲድ ብለሽ ሁለቱንም ጻፊ፤ አንዱን ብቻ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል። «ከሚከተሉት ፖሊመር ያልሆነው» ከተባለ ሊፒዱን ምረጪ። «የሊፒድ ሞኖመር» የሚል ከመጣ ደግሞ «ሊፒድ ፖሊመር ስላልሆነ ሞኖመር የለውም፤ ስብ ግን ከግሊሴሮልና ከሦስት ፋቲ አሲዶች ይሠራል» ብለሽ በአንድ መስመር አስፍሪ። አራሚው የያዘው ቁልፍ መልስ ምንም ይበል ምን፣ ያን መስመር ይዘሽ ሄደሽ ልታስረጂው ትችያለሽ።